የሶር ልጅ ባሕር ገባ

የእያንዳንዱ አገር ሰው ሳይማር የሚያውቀው ነገር አለው። ለእኛ ለኢሉባቦር መቱ ከተማ ልጆች የተሰጠን ውሃ ነው። ከላይ ዝናቡ አይለቀን፣ ከታች ሶር ወንዝ አለልን። ታዲያ እኛ ውሃ ዋና ካልቻልን ማን ይቻል? ኩራት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ ኩራት ነው! ሰው በወንዙ ካልኮራ በምን ሊኮራ?

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። አንድ ጊዜ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ፣ የሥራ ባልደረባዬ የእኛው የኢሉባቦር ቡሬው ጋሼ ታደሰ፣ እዚህ ድረስ መጥተን ባሕር ሳናይ ብንመለስ ልጆቻችን ይታዘቡናል አሉኝ። ከቱሪስቶች ጋር ጀልባ ተሳፈርንና ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ወደበዛበት ቦታ ሄድን።

የጀልባው መሪ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ጅቡቲያዊ ነው። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሲያድል ጋሼ ታደሰ ሁለት ቢሰጣቸው አይጠሉም ነበር። እኔ ግን ጀልባው ሁሉ እንዲሰማ፣ የኢሉባቦር ሰው ሰደርያ ለብሶ ሲዋኝ ታይቶ አያውቅም አልኩ። የክፍለ አገሩን ክብር በራሴ ላይ ጫንኩት ማለት ነው። መነጽሩን አጠለቅሁ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ነከስኩ፣ ዘልዬ ገባሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ከታች ያየሁት ያስለቅሳል። ድንጋዩ እንደ አበባ ፈክቷል፤ ባለ ቢጫ መስመር ዓሦች ያለ አንዳች ፍርሃት በጣቶቼ መሀል ያልፋሉ። የዋናዬ ነገርማ አይወራ! እንዲህ ስጎማለል ከአንዲት ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ከነጣ ፈረንጅ ሴትዮ ጋር ውሃው ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

አሁን እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ይታለፋል? አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር አይታለፍም። ቱቦውን ከአፌ አወጣሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ «አካም ጅርቱ» ብዬ ደኅንነታቸውን ጠየቅሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የሶርን ልጅ ግን ውሃ አጠገበው። ያውም ጨው የበዛበት! ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጄን ወደ ሰማይ እያወራጨሁ መጮህ ጀመርኩ። ጋሼ ታደሰና መሪው ብብቴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ለሰላምታዬ መልስ አልሰጡኝም።

ሳሌ ጋብ ሲል መሪው ሳቁን እየታገለ፣ ይህን ታሪክ ለሚመጣው ሐበሻ ሁሉ እንደሚያወራው ነገረኝ። ቀጥሎም ከኢሉባቦር የትኛው ከተማ ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

ስሰጥም እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። መቱዬ በጅቡቲ ጀልባ ሁሉ መሳቂያ ልትሆን? በቁሜ? ትዝ ሲለኝ ለካ ድሮ የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበርኩ እያለች እስከ ዛሬ የምትንጠባረርብን ጎረቤት አለችን።

ደረቴን ነፍቼ፣ «የጎሬ ልጅ ነኝ» አልኩት።

ጋሼ ታደሰም አንዴ አዩኝና፣ መሪው የከተማዋን ስም እንዳይረሳ ሁለት ጊዜ ደገሙለት።