ብርሃኑ የተመሰከረለት ቤት

ፀሐይ ለብዙ ዘመን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ምዘናና ያለ ማኅተም በየሰዉ ቤት ዘው እያለች ስትገባ ኖራለች። ይህ ዓይን ያወጣ ሥርዓት አልበኝነት ያከተመው፣ አርቆ አሳቢው የሕንፃ ሥራ አስኪያጅ የሚያስተዳድሩትን መኖሪያ ሕንፃ «አረንጓዴ ሕንፃ» ለማሰኘት በተነሡ ዕለት ነው። ለአረንጓዴነቱ ዛፍ መትከል አላስፈለጋቸውም። በየክፍሉ በቂ የተፈጥሮ ብርሃን መግባቱ ተለክቶ ከተረጋገጠ የምስክር ወረቀቱ ይመጣል፤ እሱ ከመጣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ልብስ ሰፊ ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። ዓይኗ ደከም ካለ ቆይቷል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው መስኮቱ ሥር ተለጥፋ ነው። ብርሃን የሚለካ ሰው ከመጣ የጎደለውን ይሞላልኝ ይሆናል ብላ አሰበች። የዋህ ናት።

ለኪው ወጣት መሣሪያውን ክፍሉ መሀል ተክሎ ቁጥሩን አየና ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«ይጎድላል» አለ።

«እኔስ ምን ስል ኖርኩ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እና መስኮቱን ታሰፉልኛላችሁ?»

«መስኮቱ እንከን የለበትም» አሉ ከለኪው ጋር የገቡት ሥራ አስኪያጁ። «እንከኑ ያለው በነዋሪው በኩል ነው።»

በዚህ ጥልቅ ግኝት መሠረት መጋረጃው ወረደ፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። ቁም ሣጥኑ ኮሪደር ወጣ፤ አሁንም ከፍ አለ። የስፌት መኪናዋም «የብርሃን ፍሰትን የሚያደናቅፍ ቁስ» መሆኗ ስለታመነበት ቁም ሣጥኑን ተከተለች። የቀሩት እናትየው ናቸው፤ ጥቁር ሹራባቸውን ለብሰው ፀሐያቸውን ይሞቃሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብርሃኑን እየመጠጡት ነው» አለ ለኪው።

«እኔ? ምኑን ወሰድኩት?»

«ጥቁር ልብስ ብርሃን ይመጥጣል።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ ልጄ፣ ልሙትልህ?»

«ኧረ እማማ፣ ኮሪደሩ ይበቃል።»

እናትና ልጅ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ውጭ ቆሙ። በሩ ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ቤቱ አልፏል። ሰው እስካልኖረበት ድረስ፣ ለሰው መኖሪያ የሚበቃ ብርሃን እንዳለው በማያሻማ ሁኔታ ተረጋገጠ።

ዕቃው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የምስክር ወረቀቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ደስታቸውን መንገደኛው ሁሉ እንዲካፈላቸው ግዙፍ ሸራ አሠርተው በሕንፃው ፊት ከዳር እስከ ዳር ወጠሩ፤ «ጨለማ የሌለበት ሕንፃ» ይላል። ሸራው የሁለተኛውን ፎቅ መስኮቶች ጥርግ አድርጎ ሸፈነ።

ልብስ ሰፊዋ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ አስገባቻቸው።

«ጋሼ፣ ቤቱ ጨልሟል።»

«አልጨለመም።»

«ይኸው፣ እጄ እንኳ አይታየኝም።»

«የቤትሽ ብሩህነት በባለሙያ ተመስክሮለታል። ጨለመ ካልሽ የተጣላሽው ከሳይንስ ጋር ነው» አሉና ምስክር ወረቀቱን ሊያነቡላት ከኪሳቸው አወጡ። ፊደሉ አልታይ ስላላቸው የስልካቸውን መብራት አበሩ።

«ስልኩን እንደያዝከው ቁም ልጄ» አሉ እናትየው ከወንበራቸው፣ «ክሯን ታስገባበት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ከፈተች፣ መቀሷን አነሣች፣ ሸራውን በመስኮቱ ልክ ቆረጠችው፤ ጨርቅ መቁረጥ መቼም እንጀራዋ ነው። ፀሐይ ያለ ምንም ምዘና ገባች። እናትየው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀቱን የሰጡትን ታላላቅ እንግዶች ሊያስጎበኙ መጡ። እንግዶቹ መንገዱ ማዶ ቆመው ሽቅብ አንጋጠጡ። የሸራው መካከለኛ ቃል ከነፊደሎቹ የለም፤ በክፍተቱ ውስጥ አንዲት ሴት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች።

የእንግዶቹ መሪ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ።

«ጨለማ ሕንፃ።» ከዚያም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞር አሉ። «ሴትዮዋስ ምን እየሠራች ነው?»

«ብርሃን እየሰረቀች» አሉ ሥራ አስኪያጁ።