ነጥብ የጎደለው ሎጎ

ሰው መቼም ስም ብቻውን አይበቃውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መልአኩ ግን የእኔን ሲያወጣ ብዙ የተጨነቀ አይመስለኝም። ደረጀ ብሎኝ ሄደ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ቆማችሁ «ደረጀ» ብላችሁ ብትጣሩ ከሾፌሩም፣ ከረዳቱም፣ ከሎሚ ሻጩም «አቤት» የሚል አታጡም። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ደረጀ መሀል ራሱን ለይቶ ማሳወቅ ያማረው ደረጀ ምን ያድርግ? ሎጎ ይሠራል።

እኔ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ይህን ስናገር አክስቴ «ታፔላ ጸሐፊ ነው» ብላ ታርመኛለች፤ አልተሳሳተችም። የሥጋ ቤት ታፔላ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ባጃጅ ኋላ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። አንዱማ «ትዕግሥት» የሚል አጽፎኝ በዚያው ዕለት ሲሽቀዳደም ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ጥፋት አይደለም። እና በዚህ ሁኔታ እየኖርኩ ሳለ አንድ የአዲስ አበባ የማስታወቂያ ድርጅት ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰማሁ፤ ያውም ካለበት ሆኖ የሚሠራ። ካለበት ሆኖ ማለት ገባችሁ? ሸዋ ሮቢት፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር በነጠላ ጫማ ተቀምጦ የአዲስ አበባ ደመወዝ መብላት ማለት ነው። ደስታዬ የቆላውን ሙቀት አስረሳኝ።

ድርጅቱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥራዎቼን የማሳይበት የራሴ ድረ ገጽ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ማንነቴን የሚናገርና ማንም ዘንድ የሌለ ሎጎ። እስከ ዓርብ ማታ ካላደረስኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ሌላው ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ደረጀ ይሆናል።

ለሰው ሎጎ መሥራት ቀላል ነው። ለራስ ሲሆን ግን የራስን ፀጉር በራስ እጅ እንደ መቁረጥ ነው፤ ማጅራት ላይ ሲደርስ ይበላሻል። «ደ»ን አዞርኳት፣ ገለበጥኳት፣ እግሯን አሳጠርኩት፤ የተሰበረ ወንበር ሆነች። ማንጎ ሣልኩ፤ ጓደኛዬ አይቶ ጭማቂ ቤቱን የት ልትከፍት ነው አለኝ። ንስር ጀመርኩና ጨረስኩት፤ ዶሮ ነው ብለው ቤተሰቦቼ ተስማሙ።

ሐሙስ ከደብረ ብርሃን ስመለስ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ሚኒባሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባ፣ ጨለመ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ የዋሻው አፍ በብርሃን ተከፈተ። እዚያው መቀመጫዬ ላይ ልቤ ዘለለች። ቅስት፣ ከቅስቱ ሥር ሁለት መስመር። ዋሻውና መንገዱ። ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ዓለም። ከዚህ በላይ የሸዋ ሮቢት ልጅ ማንነት አለ? ከጎኔ የተቀመጡት እናት ብቻዬን ስስቅ አይተው በስመ አብ ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

በማግስቱ ጠዋት ሎጎውን በወፍራም ላስቲክ አሳትሜ ላፕቶፕ ቦርሳዬ ላይ ለጠፍኩት። እንዴት እንዳማረ አትጠይቁኝ። ለባጃጅ ነጂው ለጀማል መንገዱን ሙሉ ስለ ቅስቱ ትርጉም ሳስረዳ፣ እሱም «ኢንሻአላህ» ሲለኝ፣ ቤቴ ደረስኩ። ወረድኩ። እናቴን ጠርቼ «ነይ እይው» ስል ነው ቦርሳው አብሮኝ አለመውረዱን ያወቅኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም፤ ድረ ገጹ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። በሽንኩርት ማዳበሪያና በፍየል መሀል ስሮጥ ቆይቼ ጀማልን ተራው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ስለ ቦርሳ ገና ስጠይቀው ፊቱ በራ። «አብሽር፣ ቦርሳው ከመንገድ አልቀረም፤ ለባለቤቱ አስረክቤዋለሁ» አለኝ።

ባለቤቱ እኔ አይደለሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ጀማል አዘነልኝ። ለካስ እኔ ከወረድኩ በኋላ ብዙ ሰው ጭኖ ስለነበር ቦርሳው የማን እንደሆነ አላወቀም፤ ሎጎውንም ስተነትንለት ዞሮ አላየውም ነበር፤ መንገድ እያየ ነበር። ስለዚህ የከብት ተራ ሽማግሌዎች ጋ ወስዶ አሳያቸው። እነሱም እንደ ደንቡ ምልክቱን አዩና ባንድ አፍ «ይሄማ የሐጂ ኑሩ ነው» አሉ። በእኛ ቆላ የጠፋ ግመል ባለቤቱ የሚታወቀው በጋለ ብረት በተተኮሰው ምልክት ነው፤ ያገኘው ሰው ምልክቱን አይቶ ለባለ ምልክቱ ያደርሳል። ግመል ነው ላፕቶፕ ነው ብሎ የለየ የለም። አማኝ አገር ነው።

ሐጂ ኑሩ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ በጀውሃ መንገድ ነው። ከጁምዓ ተመልሰው ግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቦርሳዬ አጠገባቸው ትራስ ላይ ተደርጎ በንጹሕ ሽርጥ ተሸፍኗል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ግመሎቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄ፣ ቀስ ብዬ ዕቃው የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ ደንቡ «ምልክቱን ንገረኛ» አሉ። ቅስት ነው፣ ሥሩ ሁለት መስመር አለው፣ ዋሻና መንገድ ነው አልኩ። ሐጂ አዩኝ። «የምን ዋሻ ነው ልጄ? ሻኛና እግር ነው። የአያቴ ነው» አሉኝ።

ሞቼ ልቀበር ነበር። ማንም ዘንድ የሌለ ብዬ የፈጠርኩት ሎጎ ለካስ ከልጅነቴ ጀምሮ በግመል ጎን ላይ በቤታችን በር ሲያልፍ እያየሁት ያደግኩት ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ እኔማ ሰርቄ ቦርሳ ላይ ለጥፌው ነበር።

ይባስ ብሎ ሐጂ የልባቸውን አጫወቱኝ። ጅዳ ያለው ልጃቸው ከደወለ ሰንብቷል። ቦርሳው ሲመጣላቸው በሰው እጅ የላከላቸው መስሏቸው «ምልክታችንን አልረሳም» ብለው አልሐምዱሊላህ ብለዋል። ግን አንድ ነገር ከነከናቸው፤ ነጥብ የለውም። በእነሱ ቤት ልጅ የራሱን ከብት ሲተኩስ የአባቱን ምልክት ወስዶ ከጎኑ አንድ ነጥብ ይጨምራል። ነጥቧ የምትነሳው አባት ሲሞት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚተኮስ ከብት ያለ ነጥብ ይተኮሳል። «ያን ልጅ አባትህ ሞተዋል ብለው ነገሩት እንዴ ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ስተክዝ ዋልኩ» አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የእኔ ሎጎ አንድን አባት አስደስቶም ገድሎም ነበር፣ ያውም በአንድ ጠዋት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ስለ ሥራው፣ ስለ ድርጅቱ፣ ዛሬ ማታ ስለሚያበቃው ቀጠሮ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ምልክቱንም እንደማነሳው ነገርኳቸው።

ሐጂ ሽርጡን ገፈፉ። ከዚያ ቦርሳውን ከትራሱ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ምልክት አይነሳም፤ ቆዳው ይቆስላል። የወሰድከው አንዴ ወስደኸዋል፤ እንግዲህ ልጃችን ነህ። ነጥቧን ብቻ አድርግ» አሉኝ።

እዚያው ጥላው ሥር ላፕቶፑን ከፍቼ ነጥቧን አደረግኩ። ሐጂ አንገታቸውን አስግገው ትንሽ ወደ ቀኝ አሉኝ፤ ወደ ቀኝ አደረግኳት። ወላሂ ሎጎው አማረ። (ይኸው፣ ልጅ ከሆንኩ ወዲህ መማልም ለምጃለሁ።) በስልኬ ኢንተርኔት ድረ ገጹን ልኬ ቀና ስል ግመሎቹ ከውሃ ተመለሱ። ቅስት፣ ሁለት መስመር፤ ቅስት፣ ሁለት መስመር፤ ግቢው ሎጎዬን ሞላ። የአገሩ ዲዛይነር ሁሉ ሎጎውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያያል፤ የእኔ ግን አቧራ እያስነሳ ሲራመድ፣ ቅጠል ሲበላ አየሁት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ መልስ መጣ። ሥራውን ሰጥተውኛል። አለቃው በደንብ የተማረ ሰው ነው፤ ሎጎው ጥልቅ ነው፣ ከኮምፒውተር የመጣ አይመስልም ብሎ ጽፎልኛል። ከታች ግን አንድ አስተያየት ነበረች፦ «ከጎን ያለችው ነጥብ ዓይን ትረብሻለች። አንሳት።»

የአለቃ ቃል ነው፣ ደግሞም የመጀመሪያው ትእዛዝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና ሐጂ ጋ ሄጄ ምን ይሻላል አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። «አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ቸኩሏል። ትነሳለች በለው፤ አላህ ሲፈቅድ፣ እኔ ስሞት» አሉ።

ምን ላድርግ? አስተያየቱን በአክብሮት መቀበሌን፣ ተግባራዊ የሚሆነው ግን ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የሸዋ ሮቢት አዛውንት ሲሞቱ መሆኑን ዘርዝሬ ጻፍኩለት። ብዙ ቆይቶ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ላከልኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሳምንታዊ ስብሰባችን በስልክ ሲጀመር አለቃዬ ከሥራው በፊት የሚጠይቀኝ «ሐጂ እንዴት ናቸው?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ለሐጂ ሳደርስላቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። «የሥጋ ልጄ እንኳ እንዲህ አይጠይቀኝም» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አለቃዬን ረጅም ዕድሜ ይመርቁታል።