ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚጫወት ቡድን

ሰው ሁሉ የየራሱ ጭንቀት አለው። ገበሬው በነሐሴ ሰማዩን ያያል፣ በረዶ መጣብኝ እያለ። ነጋዴው መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ በስልክ ያጣራል። ተማሪው ፈተና ሲቃረብ፣ የልጃገረድ እናት ደግሞ በመሸ ቁጥር ይጨነቃሉ። እነዚህ የተከበሩ ጭንቀቶች ናቸው፤ ብትናገሯቸው ሰው ከንፈሩን ይመጥላችኋል። የእኔ ጭንቀት ግን ተነግሮ የሚያሳዝን ዓይነት አይደለም። «ፊትሽ ምነው እንዲህ ከሳ?» ስባል፣ «ተከላካያችን ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎባት ነው» ብል ማን ያዝንልኛል? ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ብነግራቸው «ታዲያ ኳሷን ለሌላዋ ስጧታ!» አሉኝና በርበሬ መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አሰልጣኝ ስላችሁ በቴሌቪዥን እንደምታዩት ሱፉን ግጥም አድርጎ በመስመሩ ዳር የሚንጎራደድ ሰው እንዳይታያችሁ። እኔ የምጮኸው ጋቢ ለብሼ ነው። ሜዳችን ጣሪያ የለውም፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ አንዳንድ ቀን ከእኛ የተሻለ ኳስ ያቀብላል። ኳሷ ከመስመር ከወጣች ደግሞ ቁልቁለቱን ይዛ እስከ አስፋልቱ ነው የምትወርደው። የሚመልሱልን የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው፣ እነሱም ደስ ካላቸው። ስለዚህ ለአዲስ ልጅ መጀመሪያ የማስተምራት ኳስ ማግባትን ሳይሆን ኳስ አለማስወጣትን ነው።

ከዚያ ደግሞ የቁመት ነገር አለ። ሌላው ሰው አንበሳሜ ገበያ የሚሄደው ጤፍና ቅቤ ሊያይ ነው፤ እኔ ግን ከሰው ራስ በላይ የምታልፍ ራስ ፍለጋ ነው የምዞረው። አንዲት እናት ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ ፀጉሯ በዓይኔ ስለካት አይተው፣ ቆይተው ቆይተው «ለወንድምሽ ነው?» አሉኝ። ወንድም የለኝም አልኳቸው። እንደማዘን አሉ።

ትርንጎን ግን ገበያ አላገኘኋትም፤ ራሷ በኮሌጁ በር ነው የገባችው። ከእብናት ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ስታየኝ ጎንበስ ብላ ነበር፤ አክብሮት መስሎኝ ጎንበስ ብዬ መለስኩላት። ኋላ ስረዳ ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው እንደዚያ ነው። ቁመቷ ለሰፈሩ ብዙ ሆኖበት፣ «ማን ያገባታል» ሲባል እየሰማች፣ ትከሻዋን ሰብስባ አንገቷን ደፍታ ማጠርን ለምዳዋለች። ቀና እንድትል ለማድረግ አንድ መንፈቅ ፈጀብኝ። ቀና ያለች ዕለት ግን፣ እናንተዬ፣ ከቀለበቱ ሥር ቆማ ኳሱን ከሰማይ ስትቀበል አይቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አምና የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮው ጠራኝ። ጋሽ ድረስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ነገር የሚናገረውም ወንበር ስቦ ካስቀመጠ በኋላ ነው። «እንግዲህ፣ ዋንጫ የላችሁ፣ ተመልካች የላችሁ» አለኝ። «ከባሕር ዳሮቹ ጋር ያላችሁን ጨዋታ ካላሸነፋችሁ የሴቶቹ ቡድን ይታጠፋል። የአንቺም ኮንትራት እንደዚያው።» ተመልካች የላችሁም ያለው እንኳ ትክክል አልነበረም። አንድ ዘበኛና ሁለት በጎች ነበሩን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ ደበቅኩ። ልጆቹ ከሰሙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብዬ ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላልኩም። ልምምድ ላይ እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ግድግዳ አያለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከኳስ ሌላ የማውቀው ሙያ የለም። ከእኔ ይልቅ ግን የትርንጎ አንገት ነበር የሚያስፈራኝ፤ ቡድኑ ከታጠፈ ተመልሶ ይጎነብሳል ብዬ።

ጨዋታው የተያዘው በዐቢይ ጾም፣ አርብ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ሁሉ ይጾማሉ፤ አብዛኞቹ ስለሚሮጡ በስድስት ሰዓት ይቀምሳሉ። እኔም እጾማለሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምቀምስ ግን አትጠይቁኝ። ሰኞ ዕለት ጨዋታው አራት ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ ሳለን ትርንጎ ለመዝለል ተነሣች፣ ሳትዘልም ወደቀች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ሮጬ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ዓይኗን ስትገልጥ የውሃ ጠርሙስ ወደ አፏ አስጠጋሁ፤ ከንፈሯን ገጠመች።

«ሰዓቱ አልደረሰም፣ ኮች» አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ነበር። ለካ ልጅቱ እህል ውሃ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትውለው፤ ያኔም የምትቆረጥመው ጥሬ ነው።

በነጋታው ነጠላዬን አጣፍቼ የንስሐ አባቷን መምሬ አያሌውን ፍለጋ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮሌጃችን በላይ ነው። ዐውደ ምሕረቱ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸውና መስቀል ተሳለምኩ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ረስቼ «አባቴ፣ ልጅቱ ልትሞትብኝ ነው፣ ይፍቱልኝ!» አልኩ።

«የንስሐ ልጄ ለእኔ ያለችኝን አልነግርሽም» አሉ በዝግታ። «እኔ ያልኳትን ግን ልንገርሽ። ጾሙ የገባ ዕለት ጠርቼ፣ አንቺ የምትሮጪ ልጅ ነሽ፣ በስድስት ሰዓት ቅመሽ ብያታለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እምቢ አለች። እኔ የፈታሁትን እሷ ካሰረችው ቋጠሮው ያለው እሷው ዘንድ ነው። ሂጂና ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። ከመኝታ ክፍላቸው ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትሰፋ ነበር። መጀመሪያ መስፋቷን ቀጠለች። ስለማመጣት፣ በኋላም ስቆጣት፣ «ሱባኤ ይዣለሁ» አለች። ሱባኤ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሰው የጨነቀው ነገር ሲኖር ጾሙን አጥብቆ ፈጣሪውን የሚለምንበት ነው። ለፈተና ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ወይም ዐረብ አገር ላለችው እኅቷ።

«ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነዋ» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ኮችን ሊያነሷቸው ነው ሲባል ሰማን። እርስዎም እየሳቁ ፊትዎ ይጠቁራል። ሱባኤ አይነገርም ነበር፣ እርስዎ አስነገሩኝ።»

ምን ልበል? ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብዬ የደበቅኩት ጭንቀት ልጅቱን ሜዳ ላይ ጣላት። ቡድኑን የምታድንልኝ እሷ፣ ቡድኑ እንዲድን ብላ መቆም አቅቷታል። ልቆጣት አፌን ከፍቼ እንባዬ ቀደመኝ። እሷም ደነገጠች፤ አሰልጣኝ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ሱባኤሽን አፍርሺ ብዬ ማዘዝ አቃተኝ፤ እኔ ማን ነኝ? በሰባት ሰዓት ባፏ ውሃ ሳይገባ ላሰልፋት ግን አልችልም። ጨዋታውም ቡድኑም ገደል ይግባ፣ ተቀምጣ ትዋል ብዬ ቆረጥኩ። ቆርጬም አላረፍኩ፤ ጥፍሬን ሳኝክ ዋልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ለባሕር ዳሮቹ አሰልጣኝ ደወልኩ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቁጥብ። ጨዋታውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናድርገው ለማለት ምክንያት ደረደርኩ፦ ነፋሱ፣ ፀሐዩ፣ የሜዳው ጥላ። ይኼ ሰው ድክመታችንን ጠረጠረ ብዬ አራተኛ ምክንያት መፈለግ ጀመርኩ።

«ተስማምቻለሁ» አለኝ በድንገት። ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእኔም ልጆች ሦስቱ ሱባኤ ላይ ናቸው። እንዴት እንደማጫውታቸው ጨንቆኝ ነበር።»

«ምን ሊለምኑ?»

«እናንተን ሊያሸንፉ ነዋ!»

እንግዲህ ፍረዱ። ከወዲህ አንድ ሱባኤ፣ ከወዲያ ሦስት።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትርንጎ ጥሬዋን ቆርጥማ፣ ከእኔም እጅ ዳቦና ውሃ ተቀብላ ወደ ሜዳ ገባች። እኔ በቁጥሩ ተሸንፈናል ብዬ ጋቢዬን አጥብቄያለሁ። ጨዋታው ሲጀመር ያላሰብኩት ነገር መጣ። በጾም ቅዳሴው የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው፤ ምእመኑም ወደ ቤቱ የሚወርደው በእኛ ሜዳ ዳር ነው። መጀመሪያ ሁለት ባልቴቶች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ቀጥሎ አሥር ሰው፣ ከዚያም ነጭ በነጭ ሆነ። ሕጉን የሚያውቅ አልነበረም። ባልቴቶቹ የማንኛችንም ኳስ ቀለበት ውስጥ በገባ ቁጥር እልልታውን ያቀልጡታል። አንድ አዛውንት ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ «ምን አደረገችህ? ተዋት እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። ትርንጎ ከሁሉም በላይ ዘልላ ስትቀማ «ይኼስ ቁመት ነው!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ተሰማ። አንገቷን አየሁት። ቀጥ ብሏል።

በሁለት ነጥብ ተሸነፍን።

ልጆቹ ፊት ላለማልቀስ ኳስ ስሰበስብ ቆየሁ፤ ኳሷ ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች። ሰኞ ጋሽ ድረስ አስጠራኝ። ወንበር ሳይስብልኝ ገና በቁሜ ጀመረ። «ያ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? የኮሌጁ ዲን በመስኮት ሲያይ ነበር እኮ! እኛ ለስንት ስብሰባ ጠርተነው ያልመጣ ሕዝብ!» አለ። ባጭሩ፣ ቡድኑ ይቀጥላል፣ እኔም እቀጥላለሁ፤ ጨዋታው ሁሉ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን ተባለ።

እየሮጥኩ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሁሉም ጮኹ፤ ትርንጎን ብቻ አልገረማትም።

«ተሸንፈን እንዴት ሆነ አትይም?» አልኳት።

«እኔ አሸንፈን ብዬ አልለመንኩም» አለችኝ። «ኮችን አታንሣብን ነው ያልኩት።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም እንደ ሰው ባረፍኩ። ዘንድሮ ጾሙ እንደገባ ግን ልምምድ ላይ የውሃ ጠርሙሶቹ ሙሉ እንደሆኑ መመለሳቸውን አየሁ። የደረቀ ከንፈራቸውን ሳይ ገባኝ። አሥራ ሁለቱም! አንዷ ለፈተና፣ አንዷ ለወንድሟ፣ አንዷ ደግሞ፣ አጣርቼ ደርሼበታለሁ፣ ከሩቅ የምትወረውረው ኳስ እንዲገባላት። የትርንጎ ሱባኤ ሲሰምር አይተዋላ፤ ማን ምን ብሎ ይመልሳቸው? አምና በአንዷ የተጨነቅኩት አሁን በአሥራ ሁለት ሆኗል። አንዷ በዘለለች ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘልላል፤ መሬት እስክትረግጥ ድረስም አይመለስም።

ሐኪም ጠየቅኩ፣ መምሬ አያሌውን ጠየቅኩ፣ ልምምዱንም ወደ ዐሥር ሰዓት ገፋሁት። ጭንቀቴ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ ሌላ መላ ሳጣ ጊዜ አንዳቸውም እንዳይወድቁብኝ ብዬ እኔም ሱባኤ ያዝኩ።