በኅዳር ያነደድኩት ጎማ

አንድ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል የጭነት መኪና ጎማ አቃጥያለሁ። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያን ለት ግን ኮርቼበት ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻውን አከማችቶ ከርሞ፣ ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይውጣ ብሎ ያነደዋል። ቅጠሉ ይጨሳል፣ ፌስታሉ ይጨሳል፣ ሰዉም አብሮ ይጨሳል። በሽታ እንዲህ በቀላሉ የሚደነግጥ ከሆነ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ያኔ ይህን አልጠየቅሁም። ሐሳቤ ሁሉ በገርጂ ሰፈራችን ከኔ የሚበልጥ ጭስ እንዳይኖር ነበር። ጎማውንም ከጋራዥ ለምኜ አመጣሁት።

ጭሱ አላሳፈረኝም። እንደ ባለሥልጣን አጥር ሳይከለክለው ጎረቤቴ እማማ ዘሀራ ግቢ ገባ። እማማ ዘሀራ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። ሲያስሉ ሰማሁ። እኔ ይባስ ብዬ በካርቶን እያራገብኩ፣ «አይዞዎት እማማ፣ በሽታው እየወጣ ነው!» አልኳቸው። ልጃቸው ከድጃ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «የምን በሽታ! የሚወጣው የእናቴ ነፍስ ነው! አጥፊው አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ሮጬ ስገባ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው፤ ታክሲውም በበኩሉ ከኋላው እያጨሰ ክሊኒክ አደረሰን። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ከእንግዲህ ለቆሻሻ ክብሪት አልጭርም ብዬ ማልኩ።

መሐላዬን ጠብቄያለሁ። ጓሮዬ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቅጠሉንና የወጥ ቤቱን ጥራጊ አበሰብሳለሁ፤ ጎመኔ የሚፋፋው በሱ ነው። ፌስታል አጥቤ ደግሜ እይዝበታለሁ፤ የተቀደደውን የቀበሌው ገንዳ ውስጥ እጥላለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩም እሰብካለሁ። አንዳንዱ፣ «እትዬ፣ በሽታውን ሊያስቀሩብን ነው እንዴ?» ይለኛል። ይበል። እኔ አልተውም።

ዘንድሮ ታዲያ ከእማማ ዘሀራ ቀጥሎ ያሉት አቶ ታደሰ ስብከቴን በጨዋነት አዳምጠው ሲያበቁ ክምራቸውን ለኮሱት። ክርክር አላበዛሁም፤ አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቼ ቸለስኩበት። ውሃ የነካው እሳት እንዴት እንደሚጨስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጎማ እንኳ እንዲህ አላደረገም። እማማ ዘሀራ መስኮታቸውን እየዘጉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ስታነጂም እኔ ላይ፣ ስታጠፊም እኔ ላይ! ምን በድዬሽ ነው?» አሉኝ።

ለከርሞ አፈር ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያው ጭሴ እናንተም ቤት ገብቶ ከሆነ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።