ራሴ በፈጠርኩት መንደር "መሬት የለህም" ተባልኩ

የማታምኑኝን ነገር ልነግራችሁ ነው። ስክሮል የምታደርጉ ሁሉ አንዴ ቁሙልኝ!

በገዛ እጄ በሳልኩት መንደር፣ ራሴ ባፈለቅኩት ምንጭ አጠገብ፣ "አንተ መጤ ነህ፣ እዚህ መሬት የለህም" ተባልኩ።

እሺ፣ ዛሬ አይደለም። በደርግ ጊዜ ነው። ግን ፊቴ ዛሬም ስለሚግል እንደ ዛሬ ቁጠሩልኝ።

ያስታወሰኝ አንድ ወጣት ነው። ጠዋት ኮሜንት ላይ "ጋሼ፣ በእናንተ ዘመን ደግሞ ምን ጌም ነበረና!" ብሎ ሳቀብኝ።

ስማኝ ወንድሜ። አንተ ሳትወለድ እኛ ሱዳን ጠረፍ፣ ፋሽጋ ሰሊጥ እርሻ መሃል ሃያ ፊት ባለው ዳይስ ስንጫወት ነበር። ሃያ ፊት! ቁጠረው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጎንደር ከተማ ሸሽቼ፣ በመተማ ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብቻለሁ። ሥራዬ ስደተኛ ሰፈር ውስጥ የውሃ ፓምፕ ለሚጠግን አንድ ፈረንጅ፣ እዚያ ኸዋጃ ይሉታል፣ መፍቻ መሸከምና ማስተርጎም ነበር። እንግሊዝኛዬ የአስረኛ ክፍል ነው። እሱም ብዙ አያወራም፤ ተስማማን።

ታዲያ ይሄ ኸዋጃ ሥራ ሲፈታ የሚጫወተው ጌም ነበረው። አንድ ሰው አንድ ዓለም ከጭንቅላቱ ይፈጥራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይይዙና እዚያ ዓለም ውስጥ ይሄዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይፈራሉ። ተሳካላቸው አልተሳካላቸው የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው! ወረቀት፣ እርሳስና አፍ ብቻ።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይቆረጥ ወደ አገሩ ሲሄድ ዳይሱን ሰጠኝ። ምክርም ጨመረልኝ። "ዓለም ልፍጠር ብለህ አትድከም። አንዲት ትንሽ መንደር ፍጠር። ምንጭ ስጣት፣ ገበያ ስጣት፣ የቆየ ታሪክ ስጣት። ከዚያ አንድ ችግር ጣልባት።"

ጉድ ያፈላችው "የቆየ ታሪክ" የምትለዋ ናት። እሱ ምን ያውቃል! እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ኸዋጃው ሲሄድ ሥራዬም አብሮት ሄደ። ሰሊጥ አረም ሊነቅሉ ወደ ፋሽጋ ከሚወርዱ ሦስት የጎንደር ገበሬዎች ጋር ተሳፈርኩ።

አንደኛው አያ ደምሌ ነው። ስልሳን ያለፈ፣ ደረቅ፣ ቁጡ ሽማግሌ። አንድ ልጁን ለዘመቻ ወስደውበት ሳይመለስ ቀርቷል። ስለ ልጁ አያወራም። የሚያወራው ስለ ርስት ክርክሩ ነው። አስራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣ ሊፈረድለት ወር ሲቀረው የመሬት አዋጁ መጣና ርስት የሚባል ነገር ቀረ። ነገሩ ሳይፈረድ ቀረ! ይህንን በቀን ሦስት ጊዜ ይነግረናል።

ሁለተኛው ዲያቆን ይርጋ ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር። ሦስተኛው ሙላት የሚባል ጉልበተኛ ጎበዝ ነው፤ ሁሉም ነገር ያስቀዋል።

ፋሽጋ ዝናብ ሲጥል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ጥቁር አፈር ሙጫ ይሆናል። ትራክተሩ አይንቀሳቀስም፣ አረሙ አይነቀልም፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ራኩባ ውስጥ፣ የሣር ዳሱ ሥር ተኮልኩሎ ሰማይ ያያል።

እኔ ግን ዳይስ ነበረኝ!

እውነቱን ልናገር? መንደሯን የፈጠርኳት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ሰው ከሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ነው። እኔ አባቴን አላውቀውም። እናቴ ጠላ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ይቺ ጥያቄ በመጣች ቁጥር ወይ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ወይ ስለ ዝናብ አወራለሁ። እና አሰብኩ። ራሴ የፈጠርኩት መንደር ካለ፣ እዚያ እኔን "የማን ነህ" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠያቂዎቹንም የምፈጥረው እኔ ነኝ!

ሞኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ለፋሁባት። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሳልኳት። ኮረብታ፣ ምንጭ፣ ምንጩ ዳር ለም መሬት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን። ስሟን ሾላ ምንጭ አልኳት። ከኮረብታው ጀርባ ዋሻ፣ ዋሻው ውስጥ ዘንዶ። ቆንጆ ነበረች፣ አልዋሽም።

ሰበሰብኳቸው። "ዘንዶው በጉን ጨረሰው! ሴቶች ውሃ መቅዳት ፈርተዋል! ማነው ወንዱ?" አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ።

ማንም አልተነሳም።

አያ ደምሌ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "አቅኚው ማነው?" አለ።

"ምን?"

"ይህን አገር መጀመሪያ ያቀናው አባት ማነው? መቼስ ከሰማይ አልወረደም።"

እዚህ ላይ "አይታወቅም" ብል ኖሮ ይሄ ፖስት አይኖርም ነበር። ግን የኸዋጃው ምክር ትዝ አለኝ። የቆየ ታሪክ! ኩራት ኩራት እያለኝ "ወልደ ሐና የሚባሉ ታላቅ አባት ናቸው፤ ሦስት ልጆች ነበሯቸው" አልኩ።

ሦስት ልጆች! ለጎንደር ገበሬ! ርስት ለተነጠቀ ሰው!

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ምን እንደሠራሁ የገባኝ ሦስቱም በአንዴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው።

ዲያቆን ይርጋ "እኔ የበኩሩ ነኝ" አለ። ሙላት እየሳቀ የመጨረሻውን ልጅ ያዘ። አያ ደምሌ "የመካከለኛዋ ሴት ናት፤ ርስት በሴትም ይወረሳል፤ እኔ በእሷ ነኝ" ብሎ ተነስቶ ቆመ፣ ነጠላውን አጣፋ። ዳኛ ፊት የቆመ ነው የሚመስለው። አስራ አንድ ዓመት የተንጠለጠለው ክርክር ፋሽጋ ላይ ተከፈተ!

እኔ ግን በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ቆርጫለሁ። እነዚህን ሰዎች ዋሻው ሳላስገባ ዝናቡ አያባራም ብያለሁ።

በማግስቱ ዘንዶውን አውጥቼ ጎተራ አስቃጠልኩት። ተነሱ! ደስ አለኝ። ለካ የተነሱት ጎተራው በማን ድንበር እንደነበረ ሊከራከሩ ነው።

ሙላት አንዴ ለቀልድ "ለምን ገበሬ ማኅበር አቋቁመን እኩል አንካፈልም?" አለ። አያ ደምሌ መኮትኮቻውን አነሳ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም! ሙላት ዝናቡ ውስጥ ሮጦ ከትራክተሩ ሥር ገባ፤ ይቅርታ እስኪጠይቅ እዚያው ዋለ።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻ ካርዴን መዘዝኩ። ዘንዶው ራሱ የክርክሩ መሃል ዘው ብሎ ገባ! እሳት እየተፋ! እየጮህኩ፣ እየተወራጨሁ ነው የምነግራቸው።

ዲያቆን ይርጋ አሰበ፣ አሰበና "ለመሆኑ ዘንዶው ከወልደ ሐና በፊት እዚህ ነበረ?" አለኝ።

"አዎ፣ የሺህ ዓመት ዘንዶ ነው!"

"እንግዲያ ነባር ነው። ዋሻው የእሱ ነው፤ አይነካም።"

ሁሉም ተስማሙ። ዘንዶው ዋሻውን በርስትነት አጸና። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ተባለና ተዘጋ።

ደሜ ፈላ። ዘንዶ ርስት ካገኘማ! "በሉ እኔም ምንጩ ዳር ቤት እሠራለሁ፤ ቦታ ስጡኝ" አልኩ። ለራሴ ካራክተር አወጣሁ፣ ስም ሰጠሁት።

አያ ደምሌ ቀና ብሎ አየኝ።

"በማን በኩል?"

"እንዴት በማን በኩል? መንደሯን የፈጠርኳት እኔ ነኝ!"

"ሠዓሊ ነህ። ሠዓሊ ግድግዳውን ስለሳለው ቤተ ክርስቲያኑ የእሱ አይሆንም። አባት ቁጠርና ግባ። አለዚያ መጤ ነህ፣ መሬት የለህም።"

"የማን ልጅ ነህ?" አለ ዲያቆን ይርጋም፣ በደግነት፣ ሊረዳኝ ፈልጎ።

ያቺ ጥያቄ እዚህም መጣችብኝ። ዝናብ እየጣለ ስለ ዝናብ ማውራት አይቻል! ሽንት ቤት የለ!

"አላውቅም!" አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። "አባቴን አላውቀውም። መንደሯን የሠራኋት ይቺን ጥያቄ ላለመስማት ነበር። በቃ፣ ውሰዷት!"

ወረቀቱን ልቀደው ስል እጄ አልታዘዘኝም። ያን ያህል ለፍቼባታለሁ። አልቀደድኳትም፣ አለቀስኩ። አዎ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በራኩባ፣ በሦስት ወንዶች ፊት አለቀስኩ። ላይክ አድርጉና እለፉ።

ሙላት እንኳን አልሳቀም።

 አያ ደምሌ የሻይ ስኳር የምናስቀምጥበትን ጣሳ አቀብሉኝ አለ።

በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው አንዱን ልጄ ላድርገው ሲል አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ በሽማግሌ ፊት ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው። እንደ ተወለደ ይቆጠራል፣ ይወርሳል። ፋሽጋ ላይ ማር ከየት ይምጣ? አውራ ጣቱን በውሃ ነክሮ ስኳሩ ውስጥ አገላበጠና ወደ አፌ ዘረጋው።

"ና ጥባ" አለኝ።

"አያ ደምሌ!"

"ምንጩ ዳር ያለው መሬት ዕጣ ሊጣልበት ነው። በአንድ ሰው አንድ ዕጣ። ልጅ ካለኝ ሁለት እጥላለሁ። ለራሴ ብዬ ነው፣ አትኩራራ።"

ጣቱን ግን ስኳሩ ውስጥ ደግሞ ነከረው።

ጠባሁ። ምን ላድርግ! ስኳር፣ ጭቃና የሰሊጥ አረም ነው የሚለው። ዲያቆን ይርጋ ዓይኑን ጨፍኖ ይመርቃል፤ እኔ እንደ ጥጃ ተንበርክኬ እጠባለሁ።

እና በዚያች ሰዓት፣ ከሰዓታት ሁሉ መርጦ፣ የእርሻው ወኪል ዑስማን ዱቄት ይዞ መጣ! በአህያ! ሦስት ቀን ያልመጣ ሰውዬ!

የራኩባው በር ላይ ቆሞ አየን። "ያ ዞል! ዳ ሽኑ?" አለ። ሰውዬ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ልመልስለት አልቻልኩም፣ አፌ ሞልቷል።

ዑስማን ዱቄቱን ጥሎልን ሮጠ ማለት ይቻላል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገዳሪፍ ገባ። መኸሩ አልቆ ስንመለስ ገበያው መሃል ያገኘኝ ሁሉ "ጡት ጣልክ ወይ?" ይለኝ ጀመር። ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮማ ለእኔ ብቻ ወተት ትጨምር ነበር።

ዕጣውስ? በዳይሱ ተጣለ፤ ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይወስዳል። ሙላት አስራ ሰባት። ዲያቆን ይርጋ ዘጠኝ። አያ ደምሌ አስራ አንድ። ተስፋው ሁሉ እኔ ላይ ነው። ሃያ ፊት ያለው ዳይስ፣ አስቡት! አሸሁት፣ ተሳልኩ፣ ወረወርኩ።

አንድ!

ለም መሬቱን ሙላት ወሰደው። አያ ደምሌ ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ዳይሱን አንስቶ አየውና "ግድ የለም፣ ልጄ እጁ ገና ነው" አላቸው። በዚያው ቀጥሎ ይግባኝ ጠየቀ።

እኔ ጨዋታው እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። መሬቱም ቀርቷል፣ ወረቀቱንም ጭቃው በልቶታል።

ገዳሪፍ እንደገባን የስደተኛ መታወቂያ ልናወጣ ተሰለፍን። ጸሐፊው ስሜን ጠየቀኝ። ካሳሁን አልኩት። "ኢስም አቡክ?" አለ፤ የአባትህ ስም። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ሲሉኝ የእናቴን አባት ስም ነበር የምሰጠው፣ እሱም ሁልጊዜ እየተንተባተብኩ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንድ ቁጡ ድምፅ መጣ።

"ደምሌ በለው እንጂ! ሰው ተሰልፏል።"

ዞሬ አየሁት። አላየኝም፣ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ጸሐፊው ጻፈ።

ፕሮፋይሌ ላይ ያለውን ስም አሁን ተመልሳችሁ አንብቡት። ካሳሁን ደምሌ። እሱ ነው።

ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። መንደር የምትፈጥሩ ወጣቶች፣ አቅኚ አባት አትስጡ! ከሰጣችሁም መካን አድርጉት።

በተረፈ እኔን አባቴ የወለደኝ ለአንድ ዕጣ ብሎ ነው፤ እሱም ዕጣ አንድ ሆኖ ወጣ። ቢሆንም አልመለሰኝም። እኔ ቢያንስ ለምን እንደተወለድኩ አውቃለሁ። እናንተስ፣ አባቶቻችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?