ከጎርፍ በታች የተቀበረው ቧንቧ

የሰው አገር ጭቅጭቅ በሬዲዮ ማዳመጥ የሚወድ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ። ሩቅ አገር የነዳጅ ቧንቧ ይቀበር አይቀበር ተብሎ አንዱ ወገን «እንጀራችን ነው» ሲል፣ ሌላው «ውሃችንን አፈራችንን» ሲል፣ ሻይዬን ፉት እያልኩ በሁለቱም እፈርድባቸው ነበር። ከሩቅ ሲሆን ሁለቱንም ሞኝ ማድረግ እንዴት እንደሚቀል አትጠይቁኝ። በኋላ ቧንቧው እኔው ከተማ ቆቦ መጣ።

አትደንግጡ፣ ነዳጅ አይደለም። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ከከተማው በታች ላሉ ማሳዎች የሚያደርስ የመስኖ ቧንቧ ነው። ወጣቱ ለቁፋሮ ተሰልፎ ሲመዘገብ፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝና ሥራውን ለሚመራው እንግዳ መሐንዲስ አገር አሳይ ተባልኩ። «ይህ ሰፊ አሸዋ ምንድን ነው?» አለኝ። «የገበያ መንገድ ነው፤ ግመል ሁሉ ያልፍበታል» አልኩት። አልዋሸሁም፤ በበጋ መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ የሚሄድበት ነው፤ ገበሬው በአፈር ክትር እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል፣ የራያ ማሽላም በዚያ ይበቅላል። እዚሁ ተወልጄ ይህን መርሳቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። መሐንዲሱ ቃሌን አምኖ ቧንቧውን እዚያው ላይ ከላይ ከላይ ቀብሮ አፈር ሊቆልልበት ወሰነ።

ስብሰባ ተጠራ። መጀመሪያ የተነሡት ሼህ ሑሴን ነበሩ። እሳቸው የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፍ ሲመጣ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑ፣ ገበሬው ራሱ የመረጣቸው ሰው። «አፈሩ ከተቆለለ ጎርፉ ታች አይደርስም። ታች ያለው ሰው ምን ሊበላ ነው?» አሉ። ወጣቱ አጉረመረመ። ከመካከሉ ብድግ ያለችው የገዛ ልጃቸው ከድጃ ነበረች፤ ቁፋሮው ላይ ከተቀጠረች ገና ሳምንቷ ነው።

«አባ፣ ጎርፉ በክረምት ሦስት አራት ጊዜ ነው የሚመጣው። እኔ ግን በየቀኑ ነው የምበላው። ሥራው ከቆመ ወላሂ ዐረብ አገር እሄዳለሁ።»

ተጨበጨበላት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሌላ አባት ቢሆን ወይ ይቆጣታል፣ ወይ ልጁን ላለማጣት ነገሩን ይተወዋል። ሼህ ሑሴን ግን «ልጄ እውነቷን ነው» ብለው ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አካፋ ያዝና ተከተለኝ።»

አሸዋው ዳር ደርሰን የተናደውን አፋፍ አስላጡት። ደለሉ ንብርብር ነው። ቀዩ አፈር በደህና ዓመት የመጣ መሆኑን፣ ጠጠሩ ጎርፉ አህያ ከነጭነቷ የወሰደ ጊዜ የተተወ መሆኑን አንድ በአንድ እያሳዩ ወረዱ። ጣታቸው ከጠጠሩ ሥር ቆመ። «ጎርፉ ሲከፋ እስከዚህ ይቆፍራል። ከዚህ ዝቅ አድርገህ ቅበረው፣ አፈሩንም መልሰህ ደልድለው። እንዳሰብከው ቢሆን የኛንም ውሃ ትከለክል ነበር፣ ያንተንም ቧንቧ ጎርፍ ይወስደው ነበር።» መሐንዲሱ ደብተሩን አውጥቶ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ሰው ሲማር ማየት ደስ ይለኛል፤ የተማረ ሰው ሲማር ማየት ደግሞ ይበልጥብኛል።

አሸዋው እየተናደ ማሽን አላስገባ ስላለ በዶማና በአካፋ ተቆፈረ። በሳምንት ያልቃል የተባለው የአሸዋው ሥራ እስከ ሰኔ መጨረሻ ዘለቀ። በስብሰባው ያጉረመረመው ወጣት ሁሉ የሥራ ቀኑ ስለበዛለት ሼህ ሑሴንን ባየ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣላቸው ጀመር።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣ፤ ቧንቧው ከሥር እንደተኛ ከላዩ አለፈ። ሼህ ሑሴን በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ከክትር ክትር እየሮጡ፣ አንዱን እያስከፈቱ አንዱን እያስዘጉ፣ የታችኛውን ማሳ ሁሉ አጠጡ። እንዲያ ያከበርኩት ሰው የለኝም። በደንባቸው የውሃ አባት ማሳ የሚጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ጎርፉ አልቆ ነበር። ከድጃ ከደረቀው ማሳቸው ዳር አካፋዋን ተደግፋ ቆማለች።

«አብሽሪ፣ የሚቀጥለው ይደርሳችኋል» አልኳት።

ሣቀች። «ጋሼ፣ አባቴ የውሃ አባት ከሆነ ወዲህ የኛ ማሳ መች ጠጥቶ ያውቃል? ቁፋሮ የገባሁት ለምን መሰለዎት?»