ስለ አዲሱ ካሜራና ስለ ግራ ጉንጫችን

ሥልጣኔ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ እንደ ተራ እንግዳ በር አያንኳኳም። በካርቶን ታሽጎ፣ በሦስት ፊርማ ርክክብ ተፈጽሞለት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት ነው የሚገባው። አዲሱ ዲጂታል ካሜራም ወደ መታወቂያ ጽሕፈት ቤታችን የገባው በዚሁ ክብር ነው። እኔ የቤቱ ፎቶ አንሺ ነኝ። ይህንን የምጽፈውም ኃላፊያችን «የመጀመሪያ ግንዛቤህን በሙሉ እውነቱ፣ ነገር ግን በጎ በጎውን ብቻ፣ ጽፈህ አቅርብ» ብለው ስላዘዙኝ ነው። እንግዲህ በጎ በጎውን እነሆ።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሪባን ተቆረጠለት። ኃላፊያችን ንግግር ይወዳሉ፤ ንግግርም እሳቸውን ይወዳል። የማይዋደዱት ንግግሩና አድማጩ ብቻ ናቸው። «ዛሬ ከብዥታ ዘመን ወደ ጥራት ዘመን ተሸጋግረናል!» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ዜጋ ከእውነተኛ መልኩ የራቀ ፎቶ አይነሳም!» አጨበጨብን። ወዲያው አሮጌው ካሜራ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው በተገኘበት በመዶሻ ተወገደ፤ ለታሪክ የሚሆን ፎቶም በአዲሱ አነሳሁለት። ስብርባሪው እንኳ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

እውነቴን ነው፣ አዲሱን ወደድኩት። አሮጌው አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሲኖር መያዣው ተልጦ በፕላስተር ነበር የምይዘው። ቁልፉን ስትጫነው መጀመሪያ ያስባል፤ ካሰበ በኋላ ሰውየው ዓይኑን እስኪጨፍን ይጠብቅና «ቋ!» ይላል። አዲሱ የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ በደብዛዛ መብራት አይደናገጥም፣ ድምፁም ያለ አይመስልም። ማክሰኞ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣው የመጀመሪያው ባለጉዳይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አገጩን ቀና፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እንደ ሐውልት ተቀመጠ።

«ጨርሰናል፣ ተነስ» አልኩት።

«ምኑን ጨረስን?»

«አንስቼሃለሁ እኮ።»

«ሳይጮህ? ኧረ ባክህ አትቀልድብኝ! ያልጮኸ ፎቶ ያዛልቃል እንዴ?»

ፎቶውን በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን አሳየሁት። የሸሚዙ ክር ይቆጠራል። «እንዲህ ነኝ ለካ» ብሎ እየተደነቀ ወደ መስኮት ሦስት ሄደ። ከዚያ የተከተለውን ለመረዳት ስለ መስኮት ሦስት አሠራር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመስኮት ሦስት የምትሠራውን ሁላችንም «ማኅተሟ» ነው የምንላት። የመታወቂያ ቅጽ ላይ «ልዩ ምልክት» የምትል መስመር አለች። ማኅተሟ ይህችን የምትሞላው ፎቶውን አይታ ነው እንጂ ሰውየውን አይታ አይደለም። መመሪያው «ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ፎቶ ግን አይዋሽም» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ቀና ብላ ባለጉዳይ አይታ አታውቅም፤ ባለጉዳዩም እሷን በፀጉሯ ክፍፍል ነው የሚያውቃት። እንግዲህ በአሮጌው ካሜራ ሆድ ውስጥ፣ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ገብታ ነበር። እኔም ሥራዬን አክባሪ ስለሆንኩ የሰውን ሁሉ ፊት በወንበር ከፍና ዝቅ እያደረግሁ አንድ ቦታ ላይ ነው የማሳርፈው። ቅንጣቷም ሳታዳላ የሁሉም ሰው ግራ ጉንጭ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ጢማሙም፣ በመዝገባችን ላይ «በግራ ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጥብ» አለበት። አንድ ጊዜማ አንድ ተመራማሪ ፋይሎቻችንን አገላብጦ «የከተማው ሕዝብ የአንድ አባት ዘር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጽፎ ሄዷል።

አዲሱ ካሜራ ንጹሕ ነው። ጥፋቱም ይኸው ነው። ልብስ ሰፊው «ነጥብህስ?» ተብሎ ተመለሰ። ከእሱ ኋላ የነበሩትም ተመለሱ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አሥራ አራት ሰው ራሱን መሆኑ ቀርቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ነበር።

አሥራ አምስተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጥቁር ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ፋይልዎ በግራ ጉንጭዎ ላይ ነጥብ አለ ይላል፤ ፎቶዎ ላይ የለም» አለች ማኅተሟ፣ ወደ ወረቀቱ።

«ልጄ፣ ፎቶውን ተዪውና ቀና ብለሽ እኔን እዪኝ።»

«እኔ ሰው አላይም፣ ፎቶ ነው የማየው። አሠራራችን ነው።»

«ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ነጥብ ኖሮኝ አያውቅም!»

«እኔስ ምን አልኩ? ነጥብ ከሌለዎት እርስዎ አይደሉማ።»

መምህርቷ መጥተው እኔ አጠገብ ተቀመጡ። «እህቴ ዓርብ ልቧን ኦፕራሲዮን ትሆናለች» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ለመርፌ እንኳ እጄን ካልያዘች አትችልም። አውሮፕላኑ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ጊዜው ባለፈ መታወቂያ አናሳፍርም አሉኝ። ሳያስገቧት ካልደረስኩ ምን ልሆን ነው?» ሆዴ ባባ። ይህ ሆድ ግን የሚያድረው በጽሕፈት ቤቱ ደመወዝ ስለሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የባባው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ከጽሕፈት ቤቱ የሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው እኔን አስጠሩኝ።

«ይህ ካሜራ ጉድለት አለበት» አሉ ኃላፊው። «ነጥብ አያነሳም።»

«ነጥቡ እኮ አቧራ ነበር» አልኩ።

«የት የነበረ አቧራ?»

«አሮጌው ካሜራ ውስጥ።»

«እሱስ የት አለ?»

«በመዶሻ… በኮሚቴው ፊት…»

«እንግዲያው ማስረጃ የለህም።»

የሕግ ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንስ? አሥራ አንድ ዓመት ማንም ሳይቃወመው የተቀመጠ አቧራ፣ አቧራ አይባልም። ባለይዞታ ነው የሚባለው።»

«አርባ ሺህ ሰው ነጥብ አለበት ብለን ፈርመናል» አሉ ኃላፊው። «አሁን አንድ ካሜራ ተነስቶ የለም ቢለን፣ አርባ ሺህ ወረቀት እንመን ወይስ አንድ ካሜራ?»

«ሰዎቹን ብናያቸውስ?» አልኩ፤ አፌ አያርፍም።

«ሰዎቹን?» አለ የሕግ ባለሙያው፣ የተሰደበ ያህል። «ሰዎቹ እኮ የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው። ገለልተኛ አይደሉም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በእኛ ቤት ሞኝ ስለሌለ፣ የያዘውን ያልለቀቀው ወረቀቱ ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሰርኩላር ተለጠፈ። በአንቀጽ አንድ፣ በፋይሉ ላይ ያለውን ነጥብ ይዞ ያልቀረበ ሰው ማንነቱ እንዳልተረጋገጠ ይቆጠራል። በአንቀጽ ሁለት፣ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው ማመልከት፣ መመስከርም ሆነ መፈረም አይችልም። በአንቀጽ ሦስት፣ ነጥብን በቀለም፣ በኩል ወይም በከሰል ሠርቶ የተገኘ በማጭበርበር ይጠየቃል። አራተኛው አንቀጽ የመታወቂያ እድሳቱ፣ ለአርአያነት፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች እንዲጀመር ያዛል። ይህችን የመጨረሻዋን ኃላፊያችን በገዛ እጃቸው ነው የጨመሯት፤ አንቀጽ ሲጨምሩ እጃቸው አይሳሳም።

አርአያ ደግሞ ከላይ ነው የሚጀምረው። ኃላፊያችን ከረባታቸውን አስተካክለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። አነሳኋቸው። «አይ ጥራት!» አሉ ስክሪኑን አይተው፣ «አሥር ዓመት ነው የቀነሰልኝ!» ፎቶውን ይዘው ራሳቸው ወደ መስኮት ሦስት ሄዱ።

ማኅተሟ ፎቶውን ከፋይሉ ጋር አስተያየች። «ይህ ሰውዬ ኃላፊያችን አይደለም» አለች።

«እኔ ነኝ እኮ! ድምፄን አታውቂውም?»

«ቅጹ ላይ የድምፅ ቦታ የለም።»

ኃላፊያችን ወደ እኛ ዘወር አሉ። «ጎበዝ ናት! እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነው የምፈልገው» አሉና ወደ መስኮቱ ተመለሱ። «በይ ሰርኩላሩን አምጪልኝ፣ አሁኑኑ ፈርሜ ልሻረው።»

«ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው አይፈርምም። አንቀጽ ሁለት።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ኃላፊያችን።»

አበስኩ ገበርኩ! ሰርኩላሩን መሻር የሚችሉት ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ ኃላፊው ደግሞ በሰርኩላሩ መሠረት የሉም። የሕግ ባለሙያው መጽሐፍ ገልጦ ገልጦ «አዲስ ኃላፊ እስኪሾም መጠበቅ ነው» ብሎ ለምሳ ወጣ። ሰውየውም፣ ማለት ኃላፊ የነበሩት፣ ሌላ የሚቀመጡበት ስላጡ አግዳሚው ወንበር ላይ ከባለጉዳዮቹ ጋር ተቀመጡ። በአጋጣሚ ክፍት የነበረው ቦታ ረቡዕም ተመልሰው ከመጡት መምህርት አጠገብ ነው።

መምህርቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትክ ብለው አዩአቸው። «አንተ! አራተኛ ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበርከው ለፍላፊ አይደለህም?»

ኃላፊው ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። «ቲቸር! በሞቴ ቲቸር ነዎት? ይኸው ይዩ፣ በገዛ ቤቴ አላወቁኝም! ያኔ ነጥብ ነበረኝ እንዴ? እስቲ ይመስክሩልኝ!»

«ነጥብማ አልነበረህም። ለምስክርነት ግን እኔስ ማን ነኝ? አትመሰክርም ብላችሁ ለጥፋችኋል።»

 የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል፤ አሥራ አንድ ላይ እንዘጋለን። መምህርቷ ድንገት ተነሱ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የማኅተም ቀለም ከፈቱ፣ ትንሿን ጣታቸውን ነከሩና የኃላፊውን ግራ ጉንጭ ጠቅ አደረጉት።

«ቲቸር! አንቀጽ ሦስት!»

«አውቃለሁ። ተነሳና መታወቂያህን አውጣ። ከዚያ ገብተህ ያንን ጉድ ሻረው፤ ከሻርከው በኋላ ማን ይጠይቅሃል? ቶሎ በል፣ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

እንደገና አነሳኋቸው። የአዲሱ ካሜራ ጥራት የታየኝ ያኔ ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነጥቡ ውስጥ የመምህርቷ ጣት መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ማኅተሟ አየችው። «አዎ፣ እሳቸው ናቸው» ብላ መታችበት። ኃላፊያችን ከባለጉዳይነት ወደ ኃላፊነት ሲመለሱ ሁላችንም ቆመን ተቀበልናቸው። መምህርቷም ተከትለዋቸው ቢሮ ገቡ፣ እኔም የመሻሪያውን ደብዳቤ በሁለት መስመር ጽፌ አቀረብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ኃላፊው እስክሪብቶ አነሱ። አዲሱን መታወቂያቸውን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ፣ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ።

«ምነው?» አሉ መምህርቷ።

«ቲቸር፣ ነጥቡን ከሻርኩት እኔስ?»

«አንተ ምን ትሆናለህ?»

«ኃላፊ ነህ የተባልኩት በነጥቡ ነው። ነጥቡ ዋጋ የለውም ብዬ ብፈርም፣ የፈረመው ሰው ኃላፊ አልነበረም ማለት ነው። እንደገና ልወጣ?»

ከምሳ የተመለሰው የሕግ ባለሙያ ራሱን ነቀነቀ። «ጥልቅ ነው» አለ።

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሥራ ደግሞ አይቆምምና ኃላፊያችን ቀጣዩን ፋይል ሳቡ፤ የመምህርቷ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ «በግራ ጉንጭ ላይ ነጥብ የለም። ማንነታቸው አልተረጋገጠም» ብለው በሚያምር ጽሑፋቸው ጻፉበት።

መምህርቷ ፊታቸው ተለዋወጠ። መነጽራቸውን አወለቁና ጉንጫቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቀለም ጠጋ አደረጉ። «በል እሺ፣ እኔንም አንድ ጊዜ ጠቅ አድርገኝ። በስተርጅና ጉንጬን እቀባለሁ፤ ምን አለበት፣ ከእህቴ አይበልጥብኝም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቲቸር» አሉ ኃላፊያችን። ጉንጫቸው ላይ ያለው ቀለም ገና ስላልደረቀ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ነበር የሚናገሩት። «ማጭበርበር ነው። ለእርስዎ ብዬ ሕግ ልጣስ?»

መምህርቷ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። አልጮሁም። «ስም ስጠራ አንተ አቤት ብለህ አታውቅም» አሉ። «ሁልጊዜ ወሬ ላይ ነበርክ። ግን አንድም ቀን ቀሪ ብዬህ አላውቅም። ቀና ብዬ አይህና አለ ብዬ እጽፍልህ ነበር።»

ኃላፊያችን ለአፍታ አሰቡ። ከዚያ በአክብሮት ብድግ ብለው በሩን ከፈቱላቸው።

«ያኔ እኮ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ካሜራ አልነበረዎትም፣ ቲቸር።»